ከወፍጮ ቤቱ በላይ የሞተው ዕጩ

ኢንስፔክተር ነጂባ ሰው ሲገደል ከሁሉ በላይ የምትጠላው ወሬውን ነው። ሬሳው ገና ሳይነሳ ከተማው ገዳዩን ወስኖ ይጠብቃታል። ያን ሰኞ አመሻሽ ላይ ከደሴ ተጠርታ ኮምቦልቻ ስትደርስም፣ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ የተኮለኮለው ሰው ሁሉ በአፉ የያዘው አንድ ስም ነበር፤ አራጋው።

«አራጋው ነው የገደለው። ሌላ ማን ይሆናል?» አላት አንዱ፣ ሳትጠይቀው።

«አይተሃል?»

«ይሄ ማየት ያስፈልገዋል እንዴ?»

«ካላየህ መንገድ ልቀቅ» ብላው ወደ ላይ ወጣች።

ሟቹ አብዱልወሀብ ይባላል። የቦሩ ሜዳ ልጅ፣ አፈ ጮማ፣ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከኮምቦልቻ የምርጫ ክልል የሚወዳደር ዕጩ ነበር። የፓርቲው ምልክት መሰላል ነው። ዋናው ተፎካካሪው አራጋው ደግሞ በቁልፍ ምልክት ይወዳደራል። ዘንድሮ በየምርጫ ክልሉ ክፉ ቃል ሲወራወሩ ነው የከረሙት፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን ነገሩ ከቃል አልፎ፣ መሰላልና ቁልፍ የሚደግፉ ሰዎች በአንድ ካፌ መቀመጥ ትተው ነበር።

የአብዱልወሀብ የምርጫ ቢሮ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። ደረጃው እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ፣ ላይ የደረሰ ሰው ሰሜኑና ምሥራቁ ይምታታበታል። ያለችው አንድ መስኮት የጎረቤት ግድግዳ እንጂ ሌላ አታሳይም። ምንጣፎቹ ተጠቅልለው ጥግ ላይ ቆመዋል፤ አረንጓዴ የፓርቲው ሻርፖች በየወንበሩ ተሰቅለዋል።

አስከሬኑ ወለሉ ላይ በቀኝ ጎኑ ተኝቷል። ማጅራቱን የመታው የድምፅ ማጉያ ብረት መቆሚያ እዚያው ወድቋል። ነጂባን ቀጥ አድርጎ ያቆማት ግን ደሙ አልነበረም። የሟቹ ዓይኖች ተከድነዋል። አገጩ በሻርፕ ታስሯል። እጅና እግሩ ተስተካክሏል። ገላው ክፍሉን በሰያፍ አቋርጦ ተጋድሟል፤ ፊቱም ቁም ሳጥኑ ወዳለበት ማዕዘን ዞሯል። ነጂባ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ እሱ ወደሚያይበት አየች፤ ከተሰነጠቀ ልስን በቀር ምንም የለም። ልቧ ግን አንድ ነገር ጎረበጠው።

ከኋላዋ የኮምቦልቻው የፖሊስ አዛዥ ኮማንደር ወልደ ሚካኤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንዲህ ካደረገው ገዳዩ ሙስሊም ነው ማለት ነው?» አላት።

«እዚህ አገር ይህን ለማወቅ ሙስሊም መሆን አያስፈልግም። እርስዎ ራስዎ ስንት ጀናዛ ሸኝተዋል?»

«ምኑን ቆጥሬው።»

«አራጋውም እንደዚያው ነው። በዚህ ብቻ ነጻ አላወጣውም። አስረውታል?»

«ዕጩ እኮ ነው፤ እንዴት ብዬ አስረዋለሁ? ለደኅንነቱ ጣቢያ አስቀምጬዋለሁ።»

«በሩ የተቆለፈው ከውስጥ ነው ከውጭ?»

ኮማንደሩ የኪሱን ቁልፍ ዳሰሰ።

በማግስቱ ቀብሩ ላይ የሟቹ ታላቅ እኅት ዘሀራ የአራጋውን ስም እየጠራች አለቀሰች። ይሄኔ ነገሩ አበቃለት። ወሬ የነበረው የሐዘንተኛ ቃል ሆነ፤ የሐዘንተኛ ቃል ደግሞ ማስረጃ አይጠየቅበትም። ከቀብር የተመለሰው ሰው ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ጣቢያው ሄዶ ደጁን ሞላው። የአራጋው ቤት በድንጋይ ተደበደበ። ሌላ ስም ካልተገኘ አራጋው ከዚያ ጣቢያ በሕይወቱ እንደማይወጣ ነጂባም ኮማንደሩም ያውቁታል፤ ከሁለቱም ይበልጥ የሚያውቀው ግን ራሱ አራጋው ነበር።

«ባለቤቴን ወደ እናቷ ሰድጃታለሁ» አላት፣ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ።

«ሰኞ ከሰዓት ወደዚያ ቢሮ ሲወጡ ታይተዋል።»

«የእሱ ልጆች ፖስተሬን ሲቀዳድዱ ከረሙ፤ ልነግረው ሄድኩ። አንኳኳሁ፣ የሚመልስ የለም። ወረድኩ።»

«እሑድ ክርክሩ ላይ ‹ከዚህ ከተማ ጠራርጌ አስወጣሃለሁ› ብለውታል።»

«በድምፅ አልኩ እኮ። በምርጫ።»

«‹በምርጫ› የምትለዋን ማንም አልሰማም።»

አራጋው ከውጭ የሚሰማውን ሁካታ አዳመጠና፣ «መጥላቱን ጠልቼዋለሁ፤ አልዋሽዎትም» አለ። «ሕዝብ ፊት ሲያዋርደኝ ነው የከረመው። ግን እሱ ከሞተ ማንን ላሸንፍ ነው?»

ይህ የንጹሕ ሰው መልስ ይሁን የብልጥ ሰው፣ ነጂባ ለጊዜው አልለየችውም።

ሬሳውን ያገኘችው ረውዳ ናት፤ የአብዱልወሀብን የምርጫ ቅስቀሳ የምታስተባብር፣ ቃሏ የሚቆርጥ ወጣት ሴት። ቢሮው ውስጥ ቆማ ነው የተናገረችው።

«ሥር ወፍጮው ይጮሃል። እዚህ ሰው ቢታረድ የሚሰማ የለም።»

«ከሟቹ ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«ከእሱ ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ንግግሩን የምጽፈው እኔ፣ የሚጨበጨብለት እሱ። ግን ልገድለው ብፈልግ ከምርጫው በኋላ ነበር የምገድለው። የለፋሁበት ነው።»

«ሙዓዝስ?»

ረውዳ ከንፈሯን ነከሰች። ሙዓዝ የአብዱልወሀብ የልብ ጓደኛ ነበር፤ የዚያው የመሰላል ፓርቲ ሰው። ኮምቦልቻ ላይ እንዲወዳደር መጀመሪያ የታጨው እሱ ነው። ኋላ ፓርቲው ሐሳቡን ቀይሮ ኮምቦልቻን ለአብዱልወሀብ ሰጠና፣ ሙዓዝን የማሸነፍ ተስፋ ወደሌለው ወደ ደሴ የምርጫ ክልል ወረወረው።

«ይህን ቢሮ የከፈተው ሙዓዝ ነው» አለች። «ግድግዳውን የቀባ እሱ፣ ምንጣፍ ያመጣ እሱ። የምንሰግድበት ቂብላ ወደዚህ ነው ብሎ ያሳየንም እሱ፤ ያውም ተሳስቶ። ደሴ ካዛወሩት ወዲህ ተኮራርፈው ዝር ብሎ አያውቅም።»

«ምን ተሳስቶ?»

«ባለፈው ጁምዓ ሸህ ጣሀ ዱዓ ሊያደርጉልን መጡ። እኔ፣ አብዱልወሀብና ባለ ወፍጮው ጋሽ ጀሚል ነበርን። ቁም ሳጥኑ ወዳለበት ማዕዘን ዞረን ስንቆም ሸሁ አዩንና ‹ወደ ባቲ ገበያ ነው እንዴ የምትሰግዱት?› አሉን። ቂብላው በበሩ በኩል ነው። አብዱልወሀብ እንዲያ ሲያፍር አይቼው አላውቅም።» ፈገግ ልትል ጀመረችና ዓይኗ እንባ ሞላ። ፊቷን አዞረች።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ጀሚል ደግሞ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሶ፣ ጥያቄውን ሁሉ እንደ ስድብ ነው የተቀበሉት።

«ውጡልኝ ብዬዋለሁ፤ አልክድም» አሉ። «በእነሱ ጦስ ቆርቆሮዬን በድንጋይ በሳሱት። ለዚህ ሰው ይገደላል እንዴ፣ ልጄ?»

«አራጋው ሲወጣ አይተውታል።»

«በፊት ለፊት ስለመጣ አየሁታ። ከጓሮም እኮ ደረጃ አለ። በጓሮ የመጣውን እኔ እህል እየፈጨሁ በምን ዓይኔ ልየው?»

ነጂባ ይህን በልቧ ያዘች። ሊገድል የመጣ ሰው በፊት ለፊት፣ ባለ ወፍጮውን ሰላም ብሎ ይወጣል? ሊወጣ ይችላል። ግን የጓሮውን ደረጃ የሚያውቅ የቢሮው ሰው ነው።

ረቡዕ ጧት ደሴ ተመለሰች። ሙዓዝን ሰኞ ገበያ ከሚባለው ሰፈር አፋፍ ላይ ካለው ቢሮው አገኘችው። ፊቱ ያበጠ፣ ዓይኑ የቀላ፣ ሸሚዙ ግን በደንብ የተተኮሰ ነበር።

«ወንድሜን ነው ያጣሁት» አላት። «እናቱ ቤት አንድ ትሪ ከበን ነው ያደግነው።»

«ሰኞ የት ዋሉ?»

«እዚሁ ገበያው ላይ። በመኪና ስቀሰቅስ ዋልኩ፤ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ። የገበያው ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው።»

«ኮምቦልቻ ቢሮ ለመጨረሻ ጊዜ የሄዱት መቼ ነው?»

«ወደዚህ ከወረወሩኝ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም። ወላሂ።»

«አሁንስ? ኮምቦልቻ ላይ ዕጩ የለም።»

«ፓርቲው ተመለስ ብሎኛል» አለ ሙዓዝ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየጠረገ። «እመለሳለሁ። የወንድሜን ቦታ ለገዳዩ አልለቅም።»

ነጂባ ይህን ሰው አልወደደችውም። አለመውደድ ግን ፍርድ ቤት አይቀርብም። ወደ ገበያው ወርዳ ከድጃ ከምትባል በርበሬ ሻጭ ፊት ቆመች።

«ሰኞ ዕለት ሙዓዝን አይተሽው ነበር?»

«ድምፁ ነው ጆሯችንን ሲበላው የዋለው።»

«ራሱንስ?»

«ጧት መኪናው ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ። ከዚያ ገበያው ሞላ፤ ማን ቀና ብሎ ያያል? ጉንፋኑ ግን አሳዝኖኛል።»

«የምን ጉንፋን?»

«‹የተከበርከው የደሴ ሕዝብ› ይልና ያስላል። ዞሮ ሲመጣም ‹የተከበርከው የደሴ ሕዝብ› ይልና ያስላል። ሁሌ እዚያችው ላይ። ይኸው መጣ፣ ስሚው።»

የቅስቀሳው መኪና ሰው እየገፋ አለፈ። ከላዩ ላይ ማንም አልነበረም። የተከበርከው የደሴ ሕዝብ ተባለና ሳል ተከተለ። ነጂባ ግን ሙዓዝን ቢሮው ውስጥ እንደተቀመጠ ትታው የወጣችው ገና አሁን ነው። መኪናውን አስቆመች። ሹፌሩ ትንሽ ካንገራገረ በኋላ ሰኞ ረፋድ ላይ ሙዓዝ መውረዱን፣ ከዚያ ወዲህ የቀዳውን ንግግር እያዞረ መዋሉን ተናገረ።

ዋሽቷል። የዋሸ ሁሉ ግን ገዳይ አይደለም፤ ከምርጫ ቅስቀሳ ሸሽቶ የተኛም ይሆናል። ነጂባ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ያን በሰያፍ የተጋደመ ሬሳ እንደገና በዓይነ ልቡናዋ አየችው፤ የጎረበጣት ነገርም ያኔ ነው ግልጽ ያለላት። ከሰዓት በኋላ ሁሉም፣ ሙዓዝም ጭምር፣ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ባለው ቢሮ እንዲገኙ መልእክት ላከች። አራጋውም ከጣቢያ እንዲመጣ አዘዘች።

«አብደሻል?» አላት ወልደ ሚካኤል። «ሕዝቡ ከመኪናው ያወርደዋል።»

«እጀቡት። እዚያ ጣቢያ ውስጥ ቢቆይስ እስከ መቼ ይተዉታል?»

አራጋው በፖሊስ ተከቦ ሲመጣ ሕዝቡም ተከትሎት መጣ። ወፍጮው ቆሟል፤ ስለዚህ ከደጅ የሚወረወረው ስድብ አንድ ሳይቀር ላይ ይሰማል። ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ በዓይኑ ይነካከሳል። ዘሀራ አራጋውን ስታይ መሬት ላይ እንትፍ አለች። ረውዳ ከሙዓዝ ርቃ ቆመች። ጋሽ ጀሚል ለብቻቸው ያጉረመርማሉ።

ነጂባ ወንበር ጎትታ ልትጀምር ስትል የዐስር ሰላት አዛን ተሰማ።

«የሚሰግድ ይስገድ» አለች። «እንጠብቃለን።»

በሰላት ሰው ማጥመዱ ደስ አላላትም፤ አላህ ይቅር እንዲላትም በልቧ ለመነች። ሙዓዝ ፈጥኖ አንዱን ምንጣፍ አነሳና፣ ለአፍታም ሳያስብ ቁም ሳጥኑ ወዳለበት ማዕዘን አነጠፈው። ጋሽ ጀሚል የራሳቸውን ወደ በሩ አነጠፉና ግራ ተጋብተው አዩት።

«ሙዓዝ፣ ቂብላው ወደዚህ ነው» አለች ረውዳ ከኋላ።

ሙዓዝ ምንጣፉን አዞረ። ፊቱ ላይ ገና ምንም ፍርሃት አልነበረም። ሰግደው እስኪጨርሱ ነጂባ ቆማ ጠበቀች፤ ኋላም ወደ መሀል ገባች።

«አብዱልወሀብን የገደለው ሰው ገድሎ ብቻ አልሄደም» ብላ ጀመረች። «ዓይኑን ከደነ፣ አገጩን አሰረ፣ በቀኝ ጎኑ አስተኝቶ ፊቱን ወደ ቂብላ አዞረ። ገድሎትም ያከብረው ነበር ማለት ነው። ጥያቄው ወደየትኛው ቂብላ አዞረው የሚል ነው።»

«ቂብላ ደግሞ ስንት አለ?» አለ ኮማንደሩ።

«ዱንያ ላይ አንድ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ሁለት ነበረ። እስካለፈው ጁምዓ ድረስ እዚህ የሚሰግዱ ሰዎች ወደ ማዕዘኑ ነበር የሚሰግዱት። ጁምዓ ዕለት ሸህ ጣሀ አርመው ወደ በሩ አዞሯቸው። ሬሳው ሰኞ ሲገኝ ፊቱ የዞረው ወደ ማዕዘኑ ነው።»

ከደጅ አንድ ሰው የአራጋውን እናት ይሳደባል።

«ረውዳ ብትሆን ወደ በሩ ታዞረው ነበር። ጋሽ ጀሚልም እንደዚሁ፤ ሁለቱም ጁምዓ እዚህ ነበሩ። አቶ አራጋው ደግሞ እዚህ ክፍል ሰግደው አያውቁም። ላዙረው ቢሉ በግምት ነው፤ የሚገምት ሰው ግድግዳውን ተከትሎ ያስተኛል። ክፍሉን በሰያፍ ቆርጦ ወደ ቁም ሳጥን ለማዞር በሙሉ ልብ ማመን ይጠይቃል። እንዲያ የሚያምነው ከጁምዓ በፊት እዚህ ይሰግድ የነበረ፣ ከጁምዓ ወዲህ ደግሞ እዚህ ያልሰገደ ሰው ነው።» ወደ ሙዓዝ ዞረች። «እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው። ምንጣፉን መጀመሪያ ያነጠፈው።»

«በምንጣፍ ስህተት ሰው ይወነጀላል?» አለ ሙዓዝ። «እኔ ሰኞ ደሴ ነበርኩ። ሕዝብ ሰምቶኛል።»

«ሕዝብ የሰማው የተቀዳ ድምፅህን ነው። እያንዳንዱ ዙር ላይ እዚያችው ቦታ ታስላለህ። ሹፌርህ ረፋድ ላይ አውርጄዋለሁ ብሏል። ደጁን አልረገጥኩም ብለህ በአላህ ስም ማልክልኝ፤ ታዲያ የት ነበርክ?»

እርስዎ ማለቷን ትታ አንተ ስትለው ሁሉም ሰምቷል። ሙዓዝ ወደ ረውዳ አየ፣ ወደ ጀሚል አየ፤ ከዚያ ዓይኑ ዘሀራ ላይ ሲያርፍ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ቦታዬን መልስልኝ ነው ያልኩት» አለ። «በጓሮ ገብቼ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ‹ኮምቦልቻ ረስቶሃል፣ አንተም እርሳው› አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ። ብረቱ እጄ ላይ ነበር። ሲወድቅ ነው ያወቅኩት። እንዲያ ተጣጥፎ ጥዬው ልሄድ አልቻልኩም።»

«ገድለህ ስታበቃ አዘንክለት» አለች ረውዳ።

ዘሀራ ተነስታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ሰኞ ማታ ቤቴ መጥተህ ከእኔ በላይ ያለቀስከው አንተ ነህ» አለችው። «እጄን ይዘህ ‹አራጋው ነው፣ እትዬ› ያልከኝ አንተ ነህ። ቀብር ላይ የጮህኩት ያንተን ቃል ነው።»

ሙዓዝ አቀረቀረ። ኮማንደሩ እጁን ሲያስረው አልታገለም፤ በጓሮው ደረጃ ወሰዱት።

አራጋው ግን አልተንቀሳቀሰም። ነጻ ወጥተዋል ቢባልም ደጁ ላይ ያለው ሰው ይህን አልሰማም። ነጂባ ወደ ዘሀራ ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም፤ ፖሊስ ነኝ። ስሙን የሰጧቸው እርስዎ ነዎት።»

«ይህን ሰው ደግሞ ልውደደው?»

«አይውደዱት። በሩን ብቻ ያሻግሩት።»

ዘሀራ ሻሿን አጠበቀችና የአራጋውን እጅጌ ጨምድዳ ይዛ፣ እንደሚጎተት ሰው እየጎተተች ወረደች። ሕዝቡ ሲያያቸው ጫጫታው ባንዴ በረደ።

«ወንድሜን የገደለው ሙዓዝ ነው» አለች። «ከእጄ የበላው ሙዓዝ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። መንገድ ልቀቁ።»

ፊት የነበረው ጎልማሳ ድንጋዩን እንደያዘ አልተንቀሳቀሰም። ዘሀራ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«መምታት ካማረህ ከእኔ ጀምር።»

ሰውየው ድንጋዩን አልጣለውም፤ ከጀርባው ደበቀውና ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ከኋላው ያሉትም ፈቀቅ አሉ። ማንም ይቅርታ አላለም፤ የአራጋውን ፊት ላለማየት ግን መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

መኪናው ጋ ሲደርሱ ዘሀራ እጅጌውን ለቀቀችው። አራጋው የመኪናውን በር ይዞ ዞር አለ።

«እትዬ ዘሀራ፣ ለቅሶ ልድረስ?»

«ዛሬ አትምጣ» አለችው። «ዛሬ ፊትህን ማየት አልችልም።»

አራጋው ራሱን ነቅንቆ ገባ። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል መስታወቱን በጣቷ አንኳኳች።

«ነገ ና» አለችው።